ጉልበተኛ ሲገጥመን፦ ከላስታ የትምህርት ቤት መንገድ እስከ ሥራ ቦታ

በላስታ ደጋ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ነው። ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ዳገት ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ላይ መምህር የለም፣ ዘበኛም ወላጅም የለም። ስለዚህ አንድ ልጅ ደብተሩ የሚቀደደው፣ የያዘው ቆሎ የሚቀማው፣ በቅጽል ስም እየተጠራ የሚሳቅበት አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ መንገድ ላይ ነው። ማታ ቤት ገብቶ "ደብተርህን ምን አገኘው?" ሲባል "ወድቄ ነው" ይላል።

ጉልበተኛን እንዴት እንመልሰው የሚለው ጥያቄ የልጆች ብቻ አይደለም። ሥራ ቦታ ላይ የሚዋረድ አዋቂም፣ በስልክ ስሟ የሚጠፋ ወጣትም ይጠይቁታል። በላስታ ግን ጥያቄው የራሱ ክብደት አለው። በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ አብዛኛው ነዋሪ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታይ ነው፤ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። አንድ ሙስሊም ልጅ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ወይም ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ሊሆን ይችላል። ዱላና ቂም በማይጠፋበት ደጋ ደግሞ የሁለት ልጆች ጠብ ካልተያዘ በሳምንት ውስጥ የሁለት ቤተሰብ ጠብ ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ "የእነርሱ ልጅ የእኛን ልጅ" እየተባለ የሃይማኖት ጠብ ተደርጎ ሊወራ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ቶሎና በትክክለኛው መንገድ መመለስ የሚጠቅመው ለተመታው ልጅ ብቻ አይደለም።

ጨዋታው የት ላይ ያበቃል?

ወሎ ጨዋታ ያውቃል። ቀልዱም፣ ሽሙጡም፣ ነቆራውም የኑሮ ቅመም ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ በዚያ ቀን ታናሹ ታላቁን ቢተርብ፣ ሎሌው ጌታውን ቢያሾፍበት ቂም አይያዝም። ይህ ልማድ ጨዋታን ከጥቃት ለመለየት ጥሩ መነሻ ነው። በጨዋታ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ተራ በተራ ይነቋቆራሉ፣ ሲመሽም ያበቃል። አንዱ ብቻ የሚስቅ ከሆነ፣ ነገም ከነገ ወዲያም የሚደገም ከሆነ፣ ተሰዳቢው መመለስ የማይችል ከሆነ ጨዋታነቱ ቀርቷል።

በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለያም ከዚህ የራቀ አይደለም። በኖርዌይ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቪየስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባካሄዱት ጥናት ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፦ ሆን ተብሎ መደረጉን፣ መደጋገሙንና የኃይል ሚዛኑ አለመመጣጠኑን። ሦስተኛው ዋናው ነው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ልጆች ቢደባደቡ ጠብ ነው፤ ይታረቃሉ። አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ፣ አንዱ ከአምስት ጓደኛ ጋር ሌላው ብቻውን፣ አንዱ አለቃ ሌላው የቀን ሠራተኛ ሲሆን ግን "ተጣሉ" ማለት ነገሩን መሸፈን ነው።

በአካባቢያችን የኃይል ሚዛኑን የሚያዛባ አንድ ነገር እናንሳ። ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ቆይታለች፤ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም እንደገና ተኩስ ተሰምቶባታል። በዚህ መካከል ትምህርት ተቋርጧል። ትምህርቱ ሲቋረጥበት የቆየ፣ ወይም ከብት ሲጠብቅ ዘግይቶ የገባ የ14 ዓመት ልጅ ከ10 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል። ትልቁ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጡ ያሳፍረዋል፤ ትንሹ ደግሞ ይፈራዋል። ጠመንጃ ያዥ ሰው እንደሚፈራና እንደሚታዘዙለት በዓይኑ ያየ ልጅ፣ መከበር ማለት መፈራት ነው ብሎ ቢያስብ አይገርምም። መምህራን እነዚህን ልጆች ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ከመርሳት ይልቅ ኃላፊነት ቢሰጧቸው ብዙ ነገር ይቀየራል። ለታናናሾቹ የመንገድ ጠባቂ ማድረግ ለምሳሌ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው።

ሁለቱ የተለመዱ ምክሮች

ልጅ ተመትቶ ሲመጣ በብዙ ቤት የሚሰማው አንደኛው ቃል "ተመትተህ ከመጣህ እኔም እደግምሃለሁ" ነው። አባት ይህን የሚለው ልጁ ፈሪ ሆኖ እንዳይቀር ስለሚሰጋ ነው፤ ስጋቱን እንረዳዋለን። ውጤቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ መናገር ያቆማል፤ መንገድ ላይ ተመትቶ ቤት የሚደገመው ከሆነ ለምን ይናገራል? ሁለተኛ፣ በእጁ የማይችለውን በድንጋይ ወይም በዱላ ሊመልስ ይነሳል። የአገራችን እረኛ ልጅ ድንጋይ አወራወሩን እናውቃለን። አንድ ዓይን ከጠፋ፣ አንድ ራስ ከተፈነከተ ነገሩ ከልጆች እጅ ይወጣል፤ የካሳና የደም ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክር "ዝም ብለህ እለፈው፣ ይተውሃል" የሚለው ነው። ይህን ብዙ ጊዜ እናቶች ይሉታል፤ ትዕግሥት እያሉም ይጠሩታል። አንዳንዴ ይሠራል፤ በተለይ ጉልበተኛው የሚፈልገው ልጁ ሲናደድ ማየትን ብቻ ከሆነ። ነገር ግን እቃ የሚቀማን፣ የሚመታን፣ በየቀኑ መንገድ ላይ የሚጠብቅን ልጅ ዝምታ አያቆመውም፤ ምንም እንደማይመጣበት ነው የሚያስተምረው። ሶብር ማለት በደልን እያዩ ተሸክሞ መቀመጥ ነው ብሎ ለልጅ ማስተማር ደግሞ ሃይማኖቱንም መበደል ይመስለናል። ታጋሽ ሰው በንዴት አይመልስም፤ በደሉን ግን ለሚመለከተው ያቀርባል።

እኛ የምንመክረው ሦስተኛ ሰው መጥራትን ነው። ጉልበተኛ የሚሠራው ሁለት ሰው ብቻ ባለበት፣ ወይም ብዙ ሰው ባለበት ግን ሁሉም ዝም በሚልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት በቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች መጫወቻ ሜዳ ላይ በካሜራ የተቀረጹ ጥቃቶችን መርምሮ ነበር። ከጥቃቶቹ በ88 በመቶው ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የገቡት ግን በ19 በመቶው ብቻ ነው። ጣልቃ በገቡባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ገላጋዮቹ ልጆች እንጂ ፖሊሶች አልነበሩም። "ተው እንጂ!" የሚል አንድ ልጅ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሐዲስ የምናውቀው ትምህርትም እዚህ ላይ ይገጥማል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ እርዳው ሲሉ ሶሓቦች ተበዳዩንስ እንረዳዋለን፣ በዳዩን እንዴት እንረዳዋለን ብለው ጠየቁ፤ መልሱ ከበደሉ በመከልከል የሚል ነበር። ልጆቻችን ይህን ሐዲስ መድረሳ ውስጥ በቃላቸው ያጠኑታል። መንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቤት ውስጥ በምሳሌ ልናሳያቸው ይገባል።

ልጁ ምን ይበል፣ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ አካሄድ ይቀየር። ብቻውን የሚሄድ ልጅ ቀላል ኢላማ ነው። በአንድ ጎጥ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በቡድን ቢልኩ፣ ከእነርሱም መካከል አንድ ትልቅ ልጅ ቢኖር፣ የመንገዱ ችግር ብዙው ይቀንሳል። ቡድኑ ሃይማኖት ሳይለይ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ ቢይዝ ይመረጣል። ሙስሊም ልጆች ብቻቸውን ተሰብስበው ሲሄዱ ለየት ብለው ይታያሉ፤ የጎረቤታቸው የክርስቲያን ልጅ አብሯቸው ሲሆን ግን የሚነካቸው ልጅ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ነው የሚነካው።

ሁለተኛ፣ ልጁ የሚለው ቃል አጭር ይሁን። "ተው። ይሄ አያስቀኝም።" ቀና ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ሰው ወዳለበት መሄድ ነው፤ መሮጥ ሳይሆን መሄድ። በእናት መሳደብ፣ ድህነትን ወይም የሰውነት ጉድለትን እያነሱ መመለስ ነገሩን ያባብሳል። ይህን ቃል ቤት ውስጥ ከአባት ወይም ከታላቅ እህት ጋር ደጋግሞ መለማመድ ይጠቅማል። ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ፍርሃት በሚይዝበት ሰዓት ከአፍ የሚወጣው የተለማመዱት ነው።

ሦስተኛ፣ ዱላ የያዘ ወይም በጣም የሚበልጥ ልጅ ቆሎውን፣ እርሳሱን ወይም የኪስ ገንዘቡን ስጠኝ ካለው ሰጥቶ ይለፍ፤ ማታ ግን ይናገር። ይህን "ፈሪነት" የሚል ወላጅ ካለ እርሳስ ስንት ብር እንደሚገዛ፣ የተሰበረ ክንድ ለማሳከም ስንት እንደሚያስፈልግ ያስላ።

አራተኛ፣ መናገር ማሳበቅ እንዳልሆነ ይወቅ። በልጆች ዘንድ "ነገር አቀባይ" መባል ትልቅ ነውር ነው፤ ለዚህ ነው ብዙዎች የሚደብቁት። ልዩነቱን በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል፦ ሰው እንዲቀጣ ብቻ ብሎ የሚናገር ያሳብቃል፤ ሰው እንዳይጎዳ የሚናገር ግን ይጠብቃል።

ወላጅ ደግሞ ልጁ ሲናገር በመጀመሪያ ይስማ። "አንተስ ምን አድርገህ ነው?" የሚለው ጥያቄ ለኋላ ይቆይ። ምን እንደተባለ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ማን እንደነበረ ይጠይቅና በወረቀት ይጻፈው። ማንበብ የማይችል ወላጅ ታላቅ ልጁን ያጽፍ። ከዚያ ወደ ጉልበተኛው ቤት በቁጣ አይሂድ። ብዙ የቤተሰብ ጠብ የተጀመረው እዚያ በር ላይ ነው። መንገዱ ትምህርት ቤት ነው፦ በመጀመሪያ የክፍል ኃላፊው መምህር ወይም መምህርት፣ ካልሆነ ዩኒት ሊደሩ፣ ካልሆነ ርዕሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ሕብረቱ። እዚያም ካልተፈታ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

መምህሩ ሁለቱን ልጆች አቁሞ "ተቃቀፉ፣ ታረቁ" ቢል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ትንሹ ልጅ በመምህሩ ፊት ያቅፋል፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ይከፍላል። ለየብቻ ይጠየቁ፤ ያዩት ልጆችም ለየብቻ ይጠየቁ። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ልጆች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ በተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻ፣ በቤርገን 2,500 ያህል ተማሪዎችን የተከታተለው ጥናት ጥቃቱ በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። የሠራው ነገር የሚያስደንቅ አልነበረም፦ በዕረፍት ሰዓት መምህር ግቢ ውስጥ መቆሙ፣ ግልጽ ደንብ በክፍል መለጠፉ፣ ወላጅ መጠራቱ፣ ከአጥቂውና ከተጠቂው ጋር ለየብቻ መነጋገሩ ናቸው። ይህ ሁሉ በብልባላም ሆነ በኩል መስክ ያለ ትምህርት ቤት ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያደርገው የሚችለው ነው።

መምህሩ ራሱ በአለንጋ የሚመታ ከሆነስ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ የሚነበብ እንዳይመስለን። ልጆች የሚማሩበት መድረሳም ከዚህ አይወጣም፤ የሚመታ ኡስታዝ ካለ ለመስጂዱ ኮሚቴ መናገር ኡስታዙን መናቅ አይደለም።

ሴት ልጆች፣ ለከፋና ሂጃብ

በሴት ልጆች ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ "ጨዋታ ነው" እየተባለ ይታለፋል። መንገድ መዝጋት፣ እጅ መያዝ፣ ሻሿን ወይም የሂጃቧን ጫፍ መጎተት፣ ስለ ሰውነቷ መናገር ሁሉ ለከፋ ነው። ለዚህ የምንመክረው ከሌላው የተለየ አንድ ነገር አለ፦ ሽምግልና ከመጀመሩ በፊት ለወላጅና ለትምህርት ቤቱ ሴት መምህርት ይነገር። አካሏን የነካት ወይም ያስፈራራት ሰው ካለ ጉዳዩ የእርቅ ሳይሆን የፖሊስ ነው። ልጅቷን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ወይም ቶሎ መዳር መፍትሔ ተደርጎ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ይህ ለከፋውን ያሸንፈዋል ብለን አናምንም፤ የተቀጣችው እርሷ ናትና።

ሂጃቧን የጎተተው ልጅ የክርስቲያን ልጅ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ነገሩን እንዴት እንደሚጠራው ይጠንቀቅ። "አንድ ልጅ ልጃችንን አስቸገረ" ብሎ መጀመርና "ክርስቲያኖቹ ሙስሊሟን ደፈሯት" ብሎ መጀመር ሁለት የተለያየ መጨረሻ አላቸው። በእርግጥ ጥቃቱ በሃይማኖቷ ምክንያት ከሆነ መሸፈን የለበትም፤ መምህሩ ይህን በግልጽ ማወቅ አለበት። ግን ተጠያቂው ያ ልጅ ነው፣ የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ አይደለም። የዚያኑ ልጅ አባት ወይም የንስሐ አባቱ ብዙ ጊዜ ከእኛ በፊት ይቆጡታል።

እኛም ራሳችንን እንመርምር። ሙስሊሙ በሚበዛበት ክፍል የጥቂቶቹን ክርስቲያን ልጆች ጾም ወይም ማዕተብ እያነሳ የሚያሾፍ ልጅ ካለ ያው ነገር ነው። ሱረቱል ሑጁራት 49፡11 ላይ አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳያላግጥ፣ መጥፎ ቅጽል ስም እንዳይሰጣጡ የተከለከለው የሚሰደበው እኛ ስንሆን ብቻ እንዲታወስ አይደለም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ አነወሩት፤ ብዙዎች ሰውየው ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) እንደነበሩ ይናገራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን የጃሂሊያ ጠባይ አለብህ ብለው ገሠጿቸው። የተሰደበው ሰው የሐበሻ ልጅ መሆኑ፣ በሰው ዘርና ሥራ መሳደብ ለምንወድ ለእኛ ለሐበሾች ልዩ ትምህርት ነበር።

በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በሥራቸው ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ የቀጥቃጭ ልጅ ግን ዛሬም በአንዳንድ ክፍሎች "ቡዳ" ተብሎ ብቻውን ይቀመጣል። መምህር ይህን ሰምቶ ካለፈ ክፍሉ ሁሉ ተፈቀደ ብሎ ይወስደዋል።

ሽማግሌዎች መቼ?

ወሎ በእርቅ የታወቀ ነው። በደቡብ ወሎ አበጋር፣ በራያ ቆቦ አካባቢ ዘወልድ የሚባሉት የእርቅ ሥርዓቶች ሙስሊምና ክርስቲያን ሽማግሌዎችን አንድ ላይ ያስቀምጣሉ። በላስታም ሸሁና ቄሱ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲፈቱ ማየት እንግዳ አይደለም። የልጆች ነገር ወደ ቤተሰብ እየሄደ ከመሰለ ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ፣ በሁለቱም የሚከበር ሰው ቀድሞ መላክ ከክስም ከቁጣም ይሻላል። ደግሞም የወንጀል ሕጉ ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ያሉትንም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤትና ሽማግሌ ዋናው መንገድ ናቸው።

የሽምግልና ድክመት ግን መናገር አለበት። ሽማግሌ ሰላምን ስለሚፈልግ ደካማውን "ይቅር በል፣ ተወው" ብሎ ይጫነዋል። ጉልበተኛው "አጥፍቻለሁ፣ አልደግምም" ሳይል፣ የቀማውን ሳይመልስ፣ ቢደግም ምን እንደሚሆን ሳይነገረው የሚደረግ እርቅ ለጉልበተኛው ፈቃድ መስጠት ነው።

ለአዋቂዎች

አዋቂ ሰው ሲዋረድ ከልጅ ይልቅ ይደብቃል። "በዚህ ዕድሜዬ ሰው ያንገላታኛል ብዬ ልናገር?" ይላል። ፎርማን በሰው ፊት የሚሰድበው የቀን ሠራተኛ፣ አለቃዋ የምታንጓጥጣት የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ በገበያ ቦታዋን የሚነጥቋት ጉሊት ነጋዴ አሉ። በላሊበላ ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ሲቀንስ ለጥቂት ጎብኚ ብዙ ሰው ይሻማል፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ የሚያከራየው፣ መስቀልና ጌጥ የሚሸጠው ሁሉ እዚያው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጉልበት ያለው ደካማውን ከመንገድ ያስወጣዋል።

ለአዋቂም መጀመሪያው ቃል ነው፤ በአክብሮት፣ ነገር ግን በግልጽ። "ጋሼ፣ ስሳሳት ይንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ። በሰው ፊት መሰደብን ግን አልቀበልም።" ይህን ለብቻው ማለት ይሻላል፤ በሰው ፊት የተነገረው አለቃ ክብሩን ለማዳን ይብሳል። ካልተወ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል፣ የሰሙትን ሰዎች መመዝገብ ይጀመር። ሁለት ወር የተመዘገበ ደብተር ለበላይ ኃላፊም፣ ለሠራተኛ ማኅበርም፣ ለፍርድ ቤትም ከአንድ ቀን ለቅሶ በላይ ይናገራል። የሥራ ባልደረባ እንዲመሰክር ከመለመን በፊት ደግሞ እርሱም ሲሰደብ ከጎኑ መቆም ነው፤ ምስክር የሚገኘው እንዲህ ነው።

ሕጉን በአጭሩ እናስታውስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዛቻን (አንቀጽ 580)፣ ስም ማጥፋትን (አንቀጽ 613)፣ ስድብና ማዋረድን (አንቀጽ 615) ያስቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ አሠሪው ሰብዓዊ ክብርንና ሞራልን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ለሚደርሰው ማስፈራራትና ስም ማጥፋት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ የተሰደበ ሰው መልስ ከመጻፉ በፊት የተጻፈውን ስክሪን ሹት ያድርግ፤ ተሳዳቢው ከደቂቃ በኋላ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ይዝጋው። ወደ ግሩፕ እየላኩ "እዩልኝ ምን እንዳለኝ" ማለት ስድቡን ማሰራጨት ነው።

አዋቂ ሆነን ጉልበተኞቹ እኛ የምንሆንበት ቤትም አለ። ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት የምትሠራ ልጅ ስሟ ሳይጠራ "አንቺ" እየተባለች፣ የተረፈ እየበላች የምትኖርበት ቤት ጥቂት አይደለም። የአቡ ዘር ሐዲስ መጨረሻው ስለ አገልጋዮች ነው፦ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው የሚል መልእክት አለው። ከስድብ ተነስቶ ወደ ማዕድ የሄደበት ምክንያት አለው ብለን እናስባለን።

መውጣትም መልስ ነው። ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ ትምህርት ቤት መቀየር፣ ሥራ መልቀቅ፣ ቤት መቀየር ሽንፈት ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ የመጡት በደሉ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው፤ ነጃሺ የጠየቋቸው ከወገኖቻችሁ የለያችሁ ይህ ሃይማኖት ምንድን ነው ብለው ነው። የላስታ ጎረቤቶቻችንም በገድሉ እንደሚነገረው ላሊበላ ራሱ ከንጉሡ ወንድሙ ጥቃት የተነሳ ተሰድዶ ኖሯል። በሁለቱም ታሪክ የሸሸውን የሚነቅፍ የለም።

ጉልበተኛው የእኛ ልጅ ሲሆን

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መምህሩ ጠርቶ "ልጅዎ ልጆችን ይመታል" ሲል የመጀመሪያው ስሜት መካድ ነው፤ ሁለተኛው ልጁን እዚያው መግረፍ ነው። ሁለቱም አይጠቅሙም። የተገረፈ ልጅ ማን እንደተናገረበት ፈልጎ ይበቀላል። ይልቅ ለብቻው ተቀምጦ ምን እንዳደረገ በራሱ አፍ ይናገር፤ የቀማውን ከራሱ ነገር ይመልስ፣ ከአባቱ ጋር ሄዶ በልጁ ቤተሰብ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ቤት ውስጥ ማን ማንን እንደሚያስፈራራ፣ ታላቅ ወንድሙ ወይም አጎቱ እርሱን እንደሚመታው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ጉልበተኝነት ከቤት ይወረሳል።

ከዚያ መምህሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከወርም በኋላ። ጥቃት ቦታ ይቀይራል። ከመንገድ ወደ እረኝነት ሜዳ፣ ከክፍል ወደ ስልክ ሊሄድ ይችላል። የተመታው ልጅ ቤተሰብም እንዲሁ ይጠይቅ፦ ልጁ አሁን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ በዕረፍት ሰዓት የት እንደሚቀመጥ፣ ደብተሩ ሙሉ መሆኑን፣ ጠዋት ሲነሳ ሆዴን ያመኛል ማለቱን መተዉን።